ከዝናብ ማግስት የማይወጣ ገደል

ላስ ቬጋስ ዝናብ ብርቅ ነው። የዓመቱ ሁሉ ቢጠራቀም አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከሌላ ከተማ የሚመጡ ደንበኞቻችን ስለ ሙቀት ይጠይቃሉ፣ ስለ እባብ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናብ ግን ትዝ አይላቸውም።

የምሠራው ሰዎችን እየመራ ገደል በሚያስወጣ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ረዳት ነኝ። መኪና እነዳለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ፣ ከታች ሆኜ ገመድ እይዛለሁ። የሥራ ቦታችን ሬድ ሮክ ካንየን ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ከነዚያ ትልልቅ ሆቴሎች ግማሽ ሰዓት ቢያስነዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ በረሃ ነው፤ ክረምቱ ይበርዳል፣ ነፋሱ አያድርስ ነው። ገደሎቹ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ቀይ፣ ክሬምና ጥቁር። በ1970ዎቹ ጆርጅና ጆአን ዩሪዮስቴ የሚባሉ ባልና ሚስት እዚህ ብዙ ረጃጅም መንገዶችን ከፍተዋል። ለጀማሪም መካከለኛ ልምድ ላለውም ሰው የሚሆን፣ በአሜሪካኖቹ የአስቸጋሪነት አለካክ 5.6 እና 5.7 የሚባል መንገድ እንደ ልብ ነው። የኛም እንጀራ እሱ ነው።

የምናስወጣው «ትራድ» በሚባለው ዘዴ ነው። ድንጋዩ ላይ ቀድሞ የተተከለ ቦልት የለም። ከፊት የሚወጣው ሰው መያዣውን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ሲያገኝ ይሰካል፣ ገመዱን ያያይዛል፣ ይቀጥላል። ከኋላ የሚመጣው እየነቀለ ይከተላል። ከመያዣዎቹ ዋናው ካም ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት የብረት ክንፎች አሉት። መሳቢያውን ሲስቡት ክንፎቹ ይሰበሰባሉ፣ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ሲለቁት ይከፈታሉ። ሰው ሲወድቅ ገመዱ ካሙን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ክንፎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ያለውን ድንጋይ ይገፋሉ። ድንጋዩን የሚገፉበት ኃይል ከጎተታቸው ኃይል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ካሙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ድንጋዩ ካልቻለው ዋጋ የለውም።

መጋቢት ላይ ነው። ሐሙስ ሌሊቱን ዘነበ። ደህና አድርጎ ነው የዘነበው። ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጥርት አለ፤ ፀሐይ ወጣች፤ አስፋልቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልቀረም።

የዕለቱ ደንበኞች አባትና ልጅ ናቸው። ሐበሻ መሆናቸውን ያወቅሁት ስማቸውን የምዝገባ ወረቀቱ ላይ ሳነብ ነው። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሲያትል ውስጥ ቤት ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ ስትለማመድ ቆይታ፣ እውነተኛ ገደል ለመውጣት አባቷን ወጥራ ይዛ ያመጣች ናት። አባትየው አይወጡም። የመጡት ሊያዩአትና ፎቶ ሊያነሷት ነው። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ወንበራቸውን ይዘው፣ ቴርሞሳቸውን ሞልተው።

ዊሎው ስፕሪንግስ ከሚባለው ቦታ ደረስን። የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ የተዉት የእጅ አሻራ የሚታይበት፣ መኪና እስከ አጠገቡ የሚገባበት ሸለቆ ነው። መሪያችን ስድሳን የተሻገረ አሜሪካዊ ነው፤ እነዚህ ገደሎች ሥር ነው ያረጀው። ሥሩ ሲደርስ ቀና ብሎ ድንጋዩን አላየም። ጎንበስ አለና አሸዋውን በጣቶቹ ጫረ። ላዩ ደረቅ ነው። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ሲል ቀለሙ ጠቆረ። አንድ እፍኝ ዘገነና ጨበጠው። እጁን ሲከፍተው አሸዋው የጣቶቹን ቅርጽ እንደያዘ መዳፉ ላይ ተቀመጠ። አልተበተነም። ወደኔ ዘርግቶ አሳየኝና «ዛሬ አንወጣም» አለ።

ቢሮ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሰማሁ። ኃላፊው «ሰማዩ ጠርቷል፣ ደንበኛው ከፍሏል፣ ሌላው ድርጅት ወጥቶ ይሆናል» ይለዋል። መሪያችን አልጮኸም፣ አልተከራከረምም። «አሸዋው እርጥብ ነው» አለ። እንደገና ሲጠየቅም ያንኑ ደገመ። ከዚያ ስልኩን ዘጋና «በቋንቋችሁ አንተ ንገራቸው» አለኝ።

ከባዱ ሥራ የኔ ሆነ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ መውጣት አይቻልም። ድንጋዩ አልደረቀም» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? ይኸው ንካው እስኪ፣ ይሞቃል እኮ!»

ነካሁት። እውነታቸውን ነው፣ ይሞቃል።

«ላዩ ነው ጋሼ። ውስጡ ውሃ ይዟል።»

«ሲያትል ሲዘንብ ነው የሚከርመው። እዚያ ታዲያ ሰው ድንጋይ አይወጣም?»

«እዚያ የሚወጡት ግራናይት ነው። ውሃ ያንሸራትተዋል እንጂ አያደክመውም። ይሄ አሸዋ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ስማ፣ እኔ አቡነ የማታ ጉህን በባዶ እግሬ ወጥቼ የተሳለምኩ ሰው ነኝ። ገመድም ካምም አላየሁም» አሉ።

እዚህ ላይ አክብሮቴ ጨመረ። ያ ቤተ ክርስቲያን ገደል ላይ ያለበትን የትግራዩን ገርዓልታ የሚያውቅ ሰው መውጫው ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ድንጋዩም የአሸዋ ድንጋይ ነው። ግን እዚያ እግር የሚገባው ብዙ ትውልድ ረግጦ ባጎደጎደው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሬድ ሮክ ላይ ጣት የሚይዘው ከጣት ጥፍር ብዙም የማይወፍር የድንጋይ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ይሄንን ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

የቀረውን እንደሚገባኝ አስረዳኋቸው። ይህ ገደል ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነፋስ የተቆለለ የአሸዋ ክምር ነበር። ቅንጣቶቹን አያይዞ ድንጋይ ያደረጋቸው በመሃላቸው የገባ ማዕድን ነው። ውሃ ሲሰርግበት ያ ማጣበቂያ ይለሰልሳል። የበረሃ ፀሐይ ላዩን በሰዓታት ውስጥ ታደርቀዋለች፤ ውስጡ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ የሚወጡ ሰዎች ከዝናብ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ ጥላ በሆነ ሸለቆና በብርድ ወቅት ከዚያም በላይ። «ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት አስቡት ጋሼ፤ ሲያወጡት ቅርጹ ያው ነው» አልኳቸው።

ልጅቷ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። «አባዬ፣ ልክ ናቸው። እኔ መውደቅ አልፈልግም» አለች። ነገሩ ያኔ አለቀ።

ያን ቀን ከተማው ጠርዝ ወዳለ የኖራ ድንጋይ ገደል ወሰድናት። የኖራ ድንጋይ በዝናብ እንደዚያ አይዳከምም። ቦልት የተተከለበት ስለሆነ ትራድ አይደለም፤ የመጣችበትም አልነበረም። ቢሆንም ደስ ብሏት ዋለች። አባትየው እሑድ ሊሄዱበት አስበው የነበረውን ጉብኝት ሰርዘው «እሑድ ይደርቃል?» ብለው ጠየቁ። መሪያችን ተስፋ አልሰጠም። «እሑድ ጠዋት አሸዋውን እንቆፍራለን» ብቻ ነው ያለው።

እሑድ ቆፈርን። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ አግኝቷል። መሪያችን አሁን ከክርን ትንሽ ዝቅ የሚል ጉድጓድ ነው የቆፈረው። ከታች ያለውንም ጨበጠው፤ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። «ዕቃ አውጣ» አለኝ።

ገመዱን ስፈታ ልጅቷ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠራችን። ከኛ መንገድ ጥቂት ሜትር ወደ ግራ ባለ ስንጥቅ ላይ ነው። የበረሃው ድንጋይ ላዩ ዘመን ያጠቆረው ቆዳ አለው። እዚያ ቦታ ግን ቆዳው ተገፎ እንደ ዱቄት ያለ ነጣ ያለ ቀለም ይታያል። በስንጥቁ ሁለት ጎን፣ ትይዩ ሆነው ወደ ታች የሚወርዱ ጭረቶች አሉ፤ ስንዝር ያህል። መሪያችን አንድ ካም ከወገቡ አውጥቶ ክንፎቹን ጭረቶቹ ላይ አስቀመጠ። ልክክ አሉ። ካሙ ድንጋዩን እየፈጨ ተንሸራትቶ ወጥቷል ማለት ነው። ከሥሩ ያለችው ጠርዝ ላይ የተፈጨው አሸዋ ገና ነፋስ ሳይወስደው ተቀምጧል። ዓርብ በዚያ ስንጥቅ በኩል ስናልፍ ይህ አልነበረም። ማን እንደወጣበትና ምን እንደደረሰበት አላወቅንም። መሬቱ ላይ ደም አልነበረም። እግዜር ይመስገን።

ልጅቷ ጭረቱን በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆመች። መሪያችን ሌላ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ካሙን ራሷ እንድትሰካ ሰጣት። ሰካች። ማሰሪያ አያይዞበት በሙሉ ክብደቷ እንድትንጠለጠል አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ወጡ። የተሰካውን አንድ በአንድ እየነቀለች ወገቧ ላይ ስታንጠለጥል ከታች ይሰማኝ ነበር፤ ብረቱ ቅጭል ቅጭል ይላል። አባትየው ፎቶ ማንሳቱን ረስተው አንጋጠው ቀሩ። ከቴርሞሳቸው ቡና ቀዱልኝና «እውነቱን ልንገርህ? በኔ ቢሆን ዓርብ ትወጣ ነበር» አሉኝ። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

መሪያችን የጭረቱን ፎቶ አንስቶ ለቢሮ ላከ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመዘገብ ስለ ዝናብ ቀድሞ ይነገረዋል፦ ከዘነበ ወይ ወደ ኖራ ድንጋይ እንሄዳለን፣ ወይ ቀኑ ይለወጣል፣ ወይ ገንዘብ ይመለሳል። ጥሩ ለውጥ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀራል። የኛ ደመወዝ በቀን ነው። ደንበኛው ገንዘቤን መልሱ ካለ መሪውም እኔም ባዶ እጃችንን ወደ ቤት እንገባለን። የቤት ኪራይ የደረሰበት ወጣት መሪ ያን አሸዋ ጨብጦ «ደርቋል» ቢል ማን ያየዋል? በዝናብ ምክንያት ለሚሰረዝ ቀን ቢያንስ ግማሽ ክፍያ እንዲኖር ሁላችንም ፈርመን አስገብተናል። ኃላፊው «እናየዋለን» ብሎናል። የበጋው ነጎድጓድ ከሐምሌ ጀምሮ ይመጣል፤ መልሱን ከዚያ በፊት እንፈልገዋለን።