ሌሊት 8 ሰዓት ያልኩት ባክአፕ

ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ጅማ፣ አንድ የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ፣ ለአምስት ሠልጣኞች «ሰርቨር በሥራ ሰዓት አይነካም» እያልኩ ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ የሚዛኑ ሽማግሌ አንገታቸውን በበሩ አስገቡና «ኢንጂነር፣ ይሄ ኮምፒውተር አላውቅህም አለኝ» አሉ።

«መብራት ሄዶ ይሆናል» አልኩ። መብራቱ አናቴ ላይ ቦግ ብሏል። «እንግዲያው ኔትወርክ ነው» አልኩ። ሰርቨሩ ያለው ከጀርባዬ ባለው ክፍል ነው፤ በመሃላችን አንድ ግድግዳና አንድ ገመድ ብቻ። ሰው ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሲሸተው መጀመሪያ መብራትን፣ ቀጥሎ ኔትወርክን ይከስሳል። ሦስተኛ የሚከሰስ ሳላገኝ ውጭ የጡሩምባ ድምፅ ተጀመረ። ኅዳር ነው፣ የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ወቅት፤ ሰባት አይሱዙ ከሚዛኑ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል።

ወደ ኋላ ልመለስ። ድርጅቱ ግዢውን፣ መጋዘኑንና ሒሳቡን ኦዱ በሚባል የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ካወጣ ስድስት ወር ሆኖታል። የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር አዲስ አበባ ይደውላሉ፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። «350 ኪሎ ሜትር ርቆ ስልክ ከሚያነሳ ሰው፣ ከራሳችሁ አድሚን ይውጣ» ብዬ ለሦስት ቀን ሥልጠና ራሴ መጣሁ። አምስት ሠልጣኞች ተመደቡልኝ። ስድስተኛ ልበል ካልኩ ዘበኛው ነበሩ፤ በሩ ሥር የጅማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ። ሁልጊዜ ማታ መብራቱን፣ ማፍያውን፣ የውሃ ማሞቂያውን እየዞሩ የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው። እኚህን ሰው ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

የመጀመሪያው ቀን የተጠቃሚ ፈቃድ ነበር። 14 ተጠቃሚ አላቸው፤ 14ቱም አድሚን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው «ይሄ ቁልፍ አልታየኝም» ሲል የሚቀናው ሁሉንም ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው። ስናስተካክል የሴቲንግ ፈቃድ ለሁለት ሰው ብቻ ሆነ፣ በየራሳቸው ስም፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲኖር። «አድሚን» የሚል የጋራ መለያ የይለፍ ቃሉ ኪቦርድ ሥር ተለጥፎ የሚኖር ስለሆነ ቀረ። ሚዛን ላይ ያለው የስቶክ ተጠቃሚነት ይበቃዋል። ቡናውን የሚገዛና ክፍያውን የሚያጸድቅ ደግሞ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ፈቃድ ከቀየራችሁ በኋላ በሌላ ብራውዘር በዚያው ሰው መለያ ገብታችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ግሩፕ ሌላውን ግሩፕ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከፊት በር ያስወጣችሁት ፈቃድ በጓሮ ይገባል።

እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከምሳ በፊት ግን ሲስተሙ ከዳታቤዙ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ላሳያቸው ብዬ የሎግ (ሲስተሙ ሥራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ደረጃውን ከፍ አደረግኩት፤ እያንዳንዱን የዳታቤዝ ጥያቄ እንዲጽፍ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ሁሉም «ኧረ!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም ሳልመልሰው ወደ ምሳ ሄድኩ።

ሁለተኛው ቀን ባክአፕ፣ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ። የኦዱ መረጃ ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው። ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ሒሳቡ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ የተቃኘ ደረሰኝ፣ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ግን ፋይልስቶር በሚባል ማህደር ለብቻው። ዳታቤዙን ብቻ ያስቀመጠ ሰው መረጃውን ሲመልስ ሒሳቡ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ደረሰኝ ሲከፍት ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚወስድ አጭር ስክሪፕት ጻፍን፤ ኦዱን አቁም፣ ዳታቤዙን በፖስትግሬስ መገልበጫ በፒጂ ደምፕ አውጣ፣ ፋይልስቶሩን በአንድ ፋይል ጠቅልል፣ ኦዱን አስነሳ። አናቱ ላይ ደግሞ «ስህተት ካገኘህ እዚያው ቁም» የሚል መስመር ጨመርኩ፤ ጥንቃቄ መሆኑ ነው።

«መቼ ይሂድ?» ሲሉኝ «ሌሊት 8 ሰዓት፤ ያኔ የሚመዝን የለም» አልኩ። ከሁሉም ቀልጠፍ የሚለው ልጅ ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 8 ብሎ ጻፈ። አየሁት። እኔም 8 ብዬ አነበብኩት። «ጎበዝ!» አልኩት።

አሁን ስሌቱን እንሥራው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከ0 እስከ 23። ሰርቨሩ ደግሞ ሲጫን ማንም ስላልነካው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። የዩቲሲ 8 ማለት በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት። የጅማ ሚዛን በኅዳር ወር እንደ 5 ሰዓት የሚጨናነቅበት ጊዜ የለም። ዩቲሲ ላይ ላለ ሰርቨር አቋራጩ ይህ ነው፤ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ በማታና በሌሊቱ ላይ 15 ደምሩ፤ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ሌሊት 8 ሲደመር 15፣ 23። መጻፍ የነበረበት 23 ነው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ባክአፑ አሥር ደቂቃ ፈጅቶ ኦዱ ይነሳ ነበር፤ እኔም «የታቀደ ጥገና ነው» ብዬ በክብር አመልጥ ነበር። ግን አልተነሳም። ልጁ ሄዶ እንደገና አስነሳው፤ ተነሳና ስህተት ተፋ። እንደገና አስነሳው፤ እንደገና ተፋ። እኔ ሎግ ልከፍት ብሞክር የጽሑፍ ማረሚያው አልከፍትም ይላል፤ ፋይሉ ከአቅሙ በላይ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ያየሁት። ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል።

የሎግ ፋይሉ ብቻውን 19 ጊጋባይት። ያ ፏፏቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወርድ ከርሟል። ፋይልስቶሩ 11 ጊጋባይት ነው፤ ፎቶና ፒዲኤፍ ስለሆነ ቢጠቀለልም እምብዛም አይቀንስም። ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ ግን 6 ነበር። መጠቅለሉ መሃል ላይ ቦታ አለቀ፤ ስክሪፕቱም በጥንቃቄው መስመር መሠረት እዚያው ቆመ። «ኦዱን አስነሳ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ በታች ነው። ፖስትግሬስም በበኩሉ የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ አኩርፏል።

ሎጉን ሰረዝኩ። ዲስኩን ብለካው አሁንም 100። ሠልጣኞቹ ያዩኛል፤ ላቤ ይወርዳል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘውን ፋይል ብትሰርዙት ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ። ልጁ ሲያስነሳው የነበረው ኦዱ ፋይሉን ጨብጦ ይዟል። በዚህ ጊዜ መሰረዝ ሳይሆን ፋይሉን ባለበት ባዶ ማድረግ ነው የሚሻለው። ኦዱን አቆምነው፣ 19ኙ ጊጋባይት ተመለሰ፤ ግማሹ የተጠቀለለውን ባክአፕ ጣልነው፤ የሎግ ደረጃውን አወረድነው፤ አስነሳነው። ቆጠርኩት፣ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ።

ከሁሉ የሚያበሽቀው፣ ኦዱን ማቆም ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ፒጂ ደምፕ ሰው እየሠራበትም ቢሆን ሲጀምር የነበረውን መልክ ሳይዛባ ያወጣል። ዳታቤዙን አስቀድሞ ፋይልስቶሩን አስከትሎ መውሰድ ብቻ ነው፤ ያኔ ዳታቤዙ የሚጠቅሰው ፋይል ማህደሩ ውስጥ ይገኛል። የማቆሙ ነገር ከድሮ የለመደብኝ ነው፤ ዓመል።

በዚህች አንድ ሰዓት የሚዛኑ ሽማግሌ አልተቀመጡም። በመጀመሪያው ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አበቃ» ብያቸው ነበር፤ «እሺ ኢንጂነር» ብለውኛል። አሁን ከመሳቢያቸው ባለ ካርቦኑን ፓድ አወጡ፣ አቧራውን እፍ አሉ፣ ሰልፉን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ሚዛኑ በኪሎ ቢያሳይም እሳቸው የሚጽፉት በፈረሱላ ነው፤ ዋጋው የሚነገረው በፈረሱላ ስለሆነ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። 5,950 ኪሎ ሲያዩ ስልክ ሳይነኩ 350 ይላሉ። የአራት መኪና ወረቀት ይዘን ወደ ሲስተሙ ገባን። ፈረሱላ የሚባል መለኪያ አለ ወይ? አለ፣ ትናንት ለልምምድ ፈጥረነዋል። ገባ፣ ጸደቀ። የሒሳብ ኃላፊዋ ሪፖርቱን አዩና «ወንድሜ፣ ወርቅ ነው የገዛነው?» አሉኝ።

ሪፖርቱ እንደሚለው ያ ባለ 350 ፈረሱላ አይሱዙ ጅማ ድረስ የመጣው 20.59 ኪሎ ጀንፈል ጭኖ ነው። መለኪያው ሲፈጠር «ከመነሻው መለኪያ የሚበልጥ» መባል ሲገባው «የሚያንስ» ተብሏል፤ ስለዚህ ሲስተሙ በ17 ማብዛቱን ትቶ በ17 አካፈለ። የተከፈለው ብር ትክክል ነው፣ ኪሎው ግን 17 ጊዜ 17 ተዛብቷል፤ አንዱ ኪሎ 289 እጥፍ ተወዷል። «ቁጥሩን አርመው» ስል ኦዱ እምቢ አለ፤ በመለኪያው ዕቃ ከተንቀሳቀሰበት በኋላ ምጣኔውን መቀየር አይፈቅድም። ትክክልም ነው፤ ቢፈቅድ የቆየው ስቶክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናወጥ ነበር። መፍትሔው አሮጌውን መለኪያ ከሥራ ውጭ አድርጎ አዲስ መፍጠር፣ የገባውን ገቢ በመመለሻ ሰነድ መልሶ በአዲሱ ማስገባት ነው። አራት መኪና፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።

የልምምድ መለኪያ እውነተኛው ሲስተም ላይ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ሁለቱ ታብ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። ዳታቤዙን ለልምምድ ስታባዙ «ኒውትራላይዝ» የምትለውን ሳጥን ምልክት ብታደርጉ ቅጂው አናቱ ላይ የሙከራ መሆኑን ይጽፋል፤ የኢሜይል መላኪያውንና በቀጠሮ የሚሄዱ ሥራዎችን ያጠፋል። ሳጥኗን አልነካኋትም። ለደንበኞች የክፍያ ማሳሰቢያ ከቅጂው አለመላኩ የእኔ ጥበብ አይደለም።

የዓመት መዝጊያው ትምህርት በቀረችው አሥር ደቂቃ ተጨመቀ፤ ሰኔ 30 በፈረንጁ ጁላይ 7 ነው፣ የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ዲሴምበር 31 ተብሎ ከመጣ ወደዚያ ቀይሩት፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ያለፈው ሒሳብ እንዳይነካ የሚያግደውን መቆለፊያ ቀንም እዚያው ላይ አድርጉ፣ ቻው።

ከመውጣታችን በፊት ሁሉንም አስተካከልን። የሰርቨሩ ሰዓት አዲስ አበባ ሆነ፤ ክሮን ሰዓቱን የሚያነበው ሲነሳ ስለሆነ እሱንም እንደገና አስነሳነው፤ ስለዚህ አሁን የሚጻፈው 23 መሆኑ ቀርቶ 2 ሆነ። ባክአፑ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲሄድ፣ ከ7 ቀን ያለፈው እንዲሰረዝ፣ ሎጉ በየቀኑ በአዲስ ፋይል እንዲጀምር አደረግን። ልጁ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ እኔ አራት ጊዜ። ሆቴሌ ገብቼ ተኛሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ያ ሳጥን ብቻውን ማጓራት ጀመረ፤ መብራቱም ይርገበገባል» አሉኝ። «እሳት ሳያስነሳ ከነሶኬቱ ነቅዬዋለሁ። አይዞህ፣ ተኛ።»