ሳይሄዱ መመለስ

ጉዞው የታሰበው ለመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ተመልሰው፣ ጎንደር እንግዶቿን ሸኝታ ስትተነፍስ እኛ ደግሞ በተራችን እንግዳ ልንሆን። በጥር ወር ጎንደሬ ሁሉ አስተናጋጅ ነው፤ ሳሎኑ ፍራሽ ይነጠፍበታል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስት ልጅ የልጆቹን አልጋ ይወርሳል። ዘንድሮ ልጆቼ አልጋቸውን ያለ ጉርምርምታ የለቀቁት ተራው የእነሱ እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነበር።

ማረፊያችን አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ እኅቴ ቤት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕቅድ ያወጣችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። አንደኛ አንድነት ፓርክ፤ በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በተከፈተው በዚህ ፓርክ ስላሉት ጥቁር ጋማ አንበሶች ታናሽ ወንድሟ ሲሰማ ነው ያደገው። ሁለተኛ ቦሌ ያለው ቦራ ፓርክ፣ ለሚሽከረከሩት መጫወቻዎች። ሦስተኛ እንጦጦ ፓርክ፣ ዛፍ ለዛፍ በተዘረጋ ገመድ ተንጠልጥሎ ለመንሸራተት። (ይህን ሦስተኛውን ማን እንዳስጨመረው ኋላ እነግራችኋለሁ።) መጨረሻው ቢሾፍቱ፣ የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለእሷ ግን የጉዞው ሁሉ ምክንያት እሱ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ልጅ ትልልቆቹ መጫወቻዎች ላይ የሚወጣው ቁመቱ ተለክቶ መሆኑን ከክፍል ጓደኛዋ ሰምታ፣ ወንድሟን የበሩ መቃን ላይ እያስደገፈች በእርሳስ ትለካው ነበር። እሱ ተረከዙን ያነሣል፤ እሷ ትከሻውን ተጭና ታወርደዋለች።

ገንዘቡ የእቁብ ነው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ እቁባችን ሠራተኛውንና ጎረቤቱን የቀላቀለ ነው፤ ዕጣው ኅዳር ላይ ወጣልኝ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በልጅነቴ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት የጉዞው ጌጥ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሆኖ ልጅ ይዞ የሚደፈር አልሆነም። ስለዚህ አውሮፕላን፤ ስለዚህ ለአራት ሰው ትኬት፤ ስለዚህ እቁብ።

ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ አማቴ አዘዞ ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ አደናቅፏቸው ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። የሚቀጥለውን ላሳጥረው፦ ቀዶ ሕክምና፣ አጥንቱን የሚይዝ ብረት፣ ከዚያም ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ፣ ዋጋውን ከማንም በላይ እኔ የማውቀው። እቁቡ ሄደ። ማንም አላመነታም፤ የሚያመነቱበት ነገርም አልነበረም።

ባለቤቴ ለልጆቹ “እናያለን” እንድንላቸው ፈለገ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም ያደገው በ“እናያለን” ነው። እኔ ግን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጀርባ ቆሜ የተማርኩት ነገር አለ። የሌለንን መድኃኒት “የለም” ያልኩት ሰው ተቆጥቶም ቢሆን ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል፤ “ነገ ብቅ ይበሉ” ያልኩት ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ደጃችን ላይ ነው። ልጆቼን ደጅ ማስጠናት አልፈለግሁም። በዚያው ምሽት ራት ሳይቀርብ ነገርናቸው። ወረቀት አውጥቼ የእቁቡን ገንዘብ ከላይ፣ የሕክምናውን ወጪ ከሥሩ ጻፍኩ። ታላቋ ቀነሰችው። የቀረውን አየችና “ይህ እኮ ለአንድ ሰው ትኬት እንኳ አይበቃም” አለች።

“አይበቃም” አልኳት።

“እንግዲያው እኔ ብቻዬን ልሂድ?” አለ ትንሹ፣ ሒሳቡ እሱን የማይመለከተው ይመስል።

በማግሥቱ አጽናኙ መምጣት ጀመረ። አማቴን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ ይገባል፤ የጉዞውን ነገር ሲሰማ ደግሞ ለእኛ የሚሆን ምክር አይጠፋውም። አብዛኛው “ለበጎ ነው” ይላል። በትልቅ ሐዘን ጊዜ እንዲህ የሚልን ሰው አልሞግትም፤ ሌላ የሚለው ሲያጣ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አንበሳ ሳያይ መቅረቱ በምን በኩል በጎ እንደሆነ የሚያስረዳኝ እስከ አሁን አላገኘሁም። አንዲት ጎረቤታችን ከዚህም አልፋ “እንኳን ቀረባችሁ፤ ማን ያውቃል፣ ውኃ ይወስዳቸው ነበር” አለች፣ ልጆቹ እየሰሙ። ይህን ልማዳችንን አልወደውም። የቀረ ደስታ ሁሉ ሊገድለን ሲመጣ ያመለጥነው ጠላት የሚሆነው ለምንድን ነው? ልጄ ያን ምሽት “እውነት እሰምጥ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። ጉዞው መቅረቱ ሳያንስ ያልደረሰ ሞት ተጨመረላት።

ሌላው ማጽናኛ ከባድ ነው፤ እውነት አለበትና። ስንቱ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቆ በከረመበት፣ ስንቱ ቤቱን ጥሎ በወጣበት ዘመን ለመጫወቻ ይታዘናል ወይ? የሚል ነው። ከሰው አፍ ሳልሰማው በፊት እኔው ራሴን ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን ልጆቼ በእነዚህ ዓመታት የተኩስ ድምፅን ከርችት መለየት ተምረዋል፤ ስለ ክፉ ቀን የእኔ ስብከት አያስፈልጋቸውም። የጠበቁት ልጅ ብቻ ሆነው የሚሰነብቱባቸውን ጥቂት ቀናት ነበር። እሱ ሲቀር ቢያለቅሱ የሌላውን መከራ ናቁ አልላቸውም።

ከዚያ የማካካሻ ጉዳይ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ “ፋሲል ግንብ እንውሰዳቸው” አለ። እምቢ አልኩ። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረውት እነ ዐፄ ኢያሱና እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ያከሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ የኩርፊያ ማስታገሻ ሲሆን ለግንቡም ነውር ነው። ሰው ከዓለም ዳር ሊያየው የሚመጣውን ቦታ ልጆቼ “ቢሾፍቱ የቀረብን ዕለት የወሰዱን” ብለው እንዲያስታውሱት አልፈለግሁም። ደግሞም እዚያ ግቢ ያሉት የአንበሳ ቤቶች ባዶ ናቸው፤ እናቴ ግሣታቸውን እየሰማች ታድር እንደነበር ትነግረናለች እንጂ አንበሶቹ ከጠፉ ቆይተዋል። አንበሳ የናፈቀን ልጅ ወስዶ ባዶ የአንበሳ ቤት ማሳየት ጭካኔ ነው። ትንሹ ግን የራሱን መፍትሔ ይዞ መጣ፦ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ ላይ መንሸራተቻ ለምን አይሠራም? ካህናቱን ጠይቅ አልኩት። ሊጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ኩርፊያውን ተውነው። ታላቋ ራቷን ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ለሰው መልስ የምትሰጠው ግን በአንድ ቃል ነው። አልተቆጣናትም፤ አላባበልናትምም። ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ያኮረፈ ልጅ ባለበት ቤት እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፣ አንድ ነገር ሊሰጥ ይቃጣዋል። እኅቴ ለሁለቱም የገዛችውን የዋና ልብስ በሰው ላከችልን። ታላቋ ሳትከፍተው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ትንሹ ከፒጃማው በላይ ለብሶት ይተኛ ጀመር።

ከዚያ አንድ ምሽት ሽንኩርት ስከትፍ ወጥ ቤት ገባችና “በእምዬ መናደድ ኃጢአት ነው?” አለችኝ። እምዬ የሚሏቸው አያታቸውን ነው። “ሆን ብላ እንዳልወደቀች አውቃለሁ። ግን ተናድጃለሁ።”

“ተናደጂ” አልኳት። “ሾርባውን ግን የምትወስጂላት አንቺ ነሽ።”

አማቴ ከሆስፒታል ወጥተው ያረፉት እኛ ቤት፣ በልጆቹ ክፍል ነበር፤ አልጋው እንደገና ተወርሶ። የጉዞውን ወሬ ማን እንዳደረሰላቸው አልታወቀም። ሾርባውን ይዛ ስትገባ “በእኔ ምክንያት ነው አይደል የቀራችሁት?” አሏት። ይህች ልጅ መዋሸት አትችልበትም። “አዎ” አለች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ዋጥኩ።

አማቴ ይቅርታም አልጠየቁ፣ አላለቀሱም። ስለ አሥመራ ጀመሩላት። አባታቸው የኑግና የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ፤ በእሷ ዕድሜ ሳሉ አሥመራ ሊወስዷቸው ቃል ገቡላቸው። ከጎንደር የሚወስደው ጣሊያን የሠራው መንገድ ነው፤ በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ቁልቁል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሽሬን፣ አክሱምን፣ አድዋን ዘልቆ ይገባል። ነጭ ጫማ ተገዛላቸው። የጭነት መኪናው በሚነሣበት ሌሊት ግን አባትየው ብቻቸውን ሄዱ። ለምን እንደሆነ ለልጅቷ የነገራት አልነበረም።

“ከዚያስ መቼ ሄድሽ?”

“አልሄድኩም።”

“እስከ አሁን?”

“እስከ አሁን። ይቆጨኛል።”

“ጫማውስ?”

“ለታናሽ እኅቴ ሆነ። እሷም አሥመራን አልረገጠችበት።”

አሁን “ይሁን፣ ለበጎ ነው” ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ልጄም ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አሥመራ ምን ሊያዩ እንደነበር ጠየቀቻቸው፦ ባቡሩን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ጄላቲውን። ከዚያ ወጥታ የራሷን ዝርዝር አምጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። አማቴ የውኃ ፓርክ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስደገሟት፤ ሰው ከፎቅ በውኃ ላይ ተንሸራትቶ ወርዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ መልሶ እንደሚወጣ ሲገባቸው ቁስላቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ኩርፊያው በዚያ ምሽት አልሞተም፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ትመልስልን ጀመር። እኛ ሁላችን ልናስረሳት ስንሯሯጥ፣ ያላለፈላቸውን ቁጭት ቁጭ ብለው ያካፈሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የእንጦጦውን ልናገር። ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። የኮረብታ ልጅ ነኝ፤ ከጎሃ ሆቴል ሆኜ ከተማዬን ቁልቁል ማየት አያስደነግጠኝም። በገመድ ተንጠልጥዬ አየር ላይ መሄድ የፈለግሁት ለከፍታው አይደለም። ሁለት ልጆች የወለደች ሴት በአደባባይ እንደ ልቧ ብትጮህ ማንም የማይታዘባት እዚያ ላይ ብቻ መስሎኝ ነው። ይህን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ እዚህ መጻፉ ቀለለኝ። የዓመት ፈቃዴንም አልሰረዝኩም። ባልደረቦቼ “ሳትሄጂ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል?” አሉኝ። አብዛኛው አማቴን በማስነሣትና በማስቀመጥ አለቀ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ብቻዬን ጎሃ ወጥቼ፣ ቡና አዝዤ፣ በማንም ላይ ሳይሆን በነገሩ ተናድጄ ተመለስኩ።

ትንሹ አሁን የያዘው ሌላ ጉዳይ ነው። በአያቱ ዳሌ ውስጥ ብረት መኖሩን ከሰማ በኋላ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መፈተሻ በእሳቸው ላይ ሊጮህ እንደሚችል አባቱ ነገረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እምዬ የሌሉበት ጉዞ ለእሱ ጉዞ አይደለም። አማቴም በምርኩዝ ክፍሉን እየዞሩ “አሥመራ ካልሆነ ቢሾፍቱም ይሁን” ማለት ጀምረዋል። አዲስ እቁብ ገብተናል። ለልጆቹ ቀን አልነገርናቸውም፤ ቀን የምንነግራችሁ ትኬት ስንቆርጥ ነው ብለናቸዋል። ባለፈው ማታ ባለቤቴ ወረቀት ይዞ ሲደምር አገኘሁት፤ አራት የነበርነው አምስት ሆነናል። ቀና ብሎ “እና…” ካለ በኋላ ዓይኔን አይቶ ተወው።