የሻህ ታህማስፕ ሻህናሜና የተፈታው ጥራዙ

በፋርሱ ንጉሥ በሻህ ታህማስፕ ስም የሚጠራው፣ ሻህናሜ የተባለውን የባለቅኔውን የፊርዳውሲን የነገሥታት ታሪክ በግጥም የያዘው የፋርስ የእጅ ጽሑፍ፣ ሙሉ በነበረበት ጊዜ 759 ቅጠሎችና 258 ሥዕሎች ነበሩት። ሥራው በ1520ዎቹ መጀመሪያ በተብሪዝ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ብዙ ሠዓሊዎችና ጸሐፍት ለዓመታት ደክመውበታል (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሳይፈታ የኖረው ይህ መጽሐፍ ዛሬ በየአገሩ ተበትኖ ይገኛል፤ የበተነውም ጦርነት ወይም እሳት ሳይሆን፣ መጽሐፍ ወዳድ ተብሎ የተመሰገነ ባለቤቱ ነው።

የዚያ ዘመን የፋርስ ደጓሾች አሠራር ከእኛ ደጓሾች ይለያል። የእኛ ደጓሽ ብራናውን ከእንጨት ገበታ ጋር በክር ሰፍቶ ቆዳ ሲያለብሰው፣ የፋርሱ ደጓሽ ግን ወረቀት በወረቀት ላይ እየለጠፈ ጠንካራ ገበታ ያበጃል፤ የለበሰውን ቆዳ በብረት ማተሚያ ተጭኖ ወርቅ ይቀባዋል፤ ከኋለኛው ሽፋን ጫፍም የገጾቹን ጠርዝ ሸፍና ከፊተኛው ሽፋን ሥር የምትገባ የቆዳ ምላስ ያወጣለታል። መጽሐፉ ሲከፈት የሚታየው የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ብዙ ጊዜ ከውጭው ይበልጥ ያምራል፤ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የተቆረጠ ስስ ቆዳ በቀለም መደብ ላይ ይለጠፍበታልና። እንዲህ ያለ ድካም የሚደከመው፣ ቅጠሎቹ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው፣ ትይዩ ገጾችም እንደተያዩ እንዲኖሩ ነው።

ታህማስፕ በወጣትነቱ ሥዕል የተማረና የሠዓሊዎች ወዳጅ የነበረ ሲሆን፣ እያደር ግን ወደ ሃይማኖታዊ ጥብቅነት አዘነበለ፤ በ1568ም መጽሐፉን አዲስ ለነገሠው የኦቶማን ሱልጣን ለዳግማዊ ሰሊም በስጦታ ላከ። መልእክተኞቹ ስጦታውን ያቀረቡት ኤዲርኔ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ በ1800 ገደማም መህመድ አሪፍ የተባለ የቤተ መንግሥቱ ሰው ሥዕሎቹን በሚከልሉት ወረቀቶች ላይ የእያንዳንዱን ሥዕል ታሪክ በቱርክኛ አሳጥሮ ጻፈ። ለእኔ ከመጽሐፉ ባለቤቶችና ጠባቂዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ሰው ነው፤ ሥዕሉን ሳይነካ ለሚቀጥለው አንባቢ መንገድ ጠርጎለታልና። በ1903 መጽሐፉ ፓሪስ ውስጥ በባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ እጅ ሆኖ ለትርኢት ቀረበ።

በ1959 አሜሪካዊው ባለጸጋ አርተር ሃውተን ከሮትሽልድ ቤተሰብ ገዛው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ብርቅ መጻሕፍት የሚጠበቁበት ቤተ መጻሕፍት የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው። ሃውተን ጥራዙን አስፈታ፤ በ1970 የቦርድ ሰብሳቢ ለነበረበት ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም 78 ሥዕሎችን ሰጠ፤ በ1976 ደግሞ ሰባት ቅጠሎችን ለንደን ላይ በጨረታ ሸጠ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ለሙዚየም መስጠቱ መልካም ሥራ ነው ለሚሉ ሰዎች፣ ሙሉውን መጽሐፍ መስጠት ይችል እንደነበረ አስታውሳቸዋለሁ። የእኛም ብራናዎች ቅጠል በቅጠል ተገንጥለው ሲሸጡ ስለምናይ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ጉዳቱን ለማየት ሱልጣን መሐመድ የተባለው ሠዓሊ ለዚህ መጽሐፍ የሣለውን፣ አሁን ቶሮንቶ በአጋ ካን ሙዚየም የሚገኘውን ሥዕል መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ንጉሥ ጋዩማርስ ከተራራ አናት ላይ ተቀምጦ፣ የነብር ቆዳ የለበሱ ሰዎቹ ከበውት ይታያሉ፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከዓለቱ ውስጥ የሰውና የአውሬ ፊት ሲወጣ ያያል፤ ዓለቱና ዛፉም ከሥዕሉ ክፈፍ አልፈው ወደ ኅዳጉ ይፈስሳሉ። በ1544 ስለ ሠዓሊዎች የጻፈው የዚያ ዘመን ሰው ዶስት መሐመድ፣ ሠዓሊዎች በዚህ ሥዕል ፊት በኀፍረት አንገታቸውን ይደፋሉ ብሏል። ዛሬ ግን ብቻውን በክፈፍ ገብቶ እንደሚሰቀል ሥዕል ይታያል እንጂ፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ የነበሩትን የግጥም ገጾች ገልጦ ማንበብ አይቻልም።

ሃውተን በ1990 ሞተ። የቀሩት 118 ሥዕሎች፣ የጽሑፍ ቅጠሎቹና ጥራዙ በ1994 በቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ለኢራን ተላለፉ፤ በልዋጩም ኢራን በመጨረሻው ንጉሥዋ ዘመን የተገዛውንና ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በእርቃንነቱ ምክንያት ለሕዝብ የማይታየውን፣ ሠዓሊው ቪለም ደ ኮኒንግ የሣለውን የሴት ሥዕል ሰጠች። ይህ ሥዕል በ2006 ወደ 137.5 ሚሊዮን ዶላር ስለተሸጠ ኢራን ተታልላለች የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ኢራን የተቀበለችው አብዛኛውን የመጽሐፉን አካልና ሽፋኑን ነው፤ የጎደሉትን ገዝቶ መመለስም ቀላል አይደለም፤ በ2022 ለንደን ላይ አንድ ቅጠል ብቻውን ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል።