ትከሻዬን የት አደረስከው?

ሲዲው ላይ ያለው ጽሑፍ የኔ ነው። በሰማያዊ ማርከር «ሰርግ 1986፣ ቁ. 1» ይላል። «ግ»ን እንዲህ አጣምሞ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ስለዚህ መካድ አይቻልም።

ሲዲውን ያመጡት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ነው። ጊዜው ባለፈው ታኅሣሥ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ይዘን ቪዲዮ እናቀናብራለን። ልጅቷ ጥር ላይ ልታገባ ነው። በሰርጓ ምሽት የእናትና የአባቷን ሰርግ በትልቅ ስክሪን ለማሳየት አስባለች። ቤታቸው ባለው 55 ኢንች ቲቪ ስትሞክረው ግን ደነገጠች። «የሚስተካከል ከሆነ ብለን ነው» አለች። እናትየው እሷን አይሰሙም። እኔን ነው የሚያዩት።

«አንተ ፒያሳ አልነበርክም? ያኔ ቀጭን ነበርክ።»

ከፈትነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ ደህና ነው። ደብዘዝ ይላል እንጂ ሰውን ከሰው መለየት ይቻላል። ከዚያ ከበሮ ተመታ። ሙሽራዋ እስክስታ ወረደች። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ግን ሰው አይመስልም። ነጭ ጡብ ተከምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣበት ነው የሚመስለው።

«ትከሻዬን የት አደረስከው?» አሉኝ።

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ትከሻው የት እንደሄደ በደንብ አውቃለሁና።

በ2000 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ ነበር። የሚሊኒየሙ ዓመት ነው። የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ካሴት በፌስታል በፌስታል ይመጣል። ካሴት አርጅቷል፣ ሁሉም በሲዲ ይሁንልኝ ይላል። ሥራዬ የካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ መገልበጥ፣ መጭመቅ (ፋይሉን ማሳነስ)፣ ሲዲ ላይ ማቃጠል ነው።

ሀርድ ዲስካችን 80 ጊጋ ነበር። ካሴት ዲቪ በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ሲገለበጥ አንዱ ሰዓት 13 ጊጋ ገደማ ይይዛል። የሦስት ሰዓት ሰርግ ወደ 40 ይጠጋል። ሁለት ሰርግ ከገባ ዲስኩ ጢም አለ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ተጨምቆ ያድራል፣ ጠዋት ዋናው ይደመሰሳል። ይህን ደንብ ያወጣው ባለቤቱም አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ዲስኩ ነው ያወጣው። መብራት ሌሊት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ጠዋት ገብቼ ጥቁር ስክሪን ያየሁባቸውን ቀናት መቁጠር አልፈልግም።

ቪሲዲ፣ ማለትም የቪዲዮ ሲዲ፣ ደግሞ ግትር ነገር ነው። በእኛ አገር የቲቪ ሥርዓት፣ በፓል፣ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው። በሰከንድ 1150 ኪሎቢት ዳታ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲመርቅ ያንኑ ያገኛል። ሃያ ሰው እየዘለለ ሲያጨበጭብም ያንኑ። ግድግዳና ሽማግሌ ብዙ ስለማይንቀሳቀሱ ይተርፋቸዋል። እስክስታ ግን በየቅጽበቱ አዲስ ምስል ነው፣ አይበቃውም። ሲያጥረው ምስሉን በካሬ በካሬ ቆራርጦ ይገላገላል። ጡቦቹ የመጡት ከዚያ ነው።

በዚህ ላይ ካሴት ምስሉን የሚይዘው በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል አድርጎ ነው። አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ መስመሮቹን፣ አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ። ቪሲዲ ላይ የሚቀረው 25 ብቻ ነው፤ ከሁለት ግማሽ አንዱ ይጣላል። ለንግግር ምንም አይደለም። ለትከሻ ግን ሞት ነው። ትከሻው ከዚህ ወደዚያ ይዘላል እንጂ አይንቀጠቀጥም። (የጉራጌ ጭፈራ እግር ላይ የደረሰውን ባታዩት ይሻላል።)

«ቆይ እትዬ፣ እኔ ጋ የተሻለ ኮፒ ሳይኖር አይቀርም» አልኳቸው። ያኔ የሠራኋቸውን ፋይሎች አንድ አንድ ኮፒ እያስቀረሁ ከዲስክ ወደ ዲስክ ሳዞር ኖሬያለሁ። ኩራቴ ነበር። ፈለግኩት፣ ተገኘ። ከፈትኩት። ከሲዲው የባሰ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቪሲዲ ቀጥሎ ኤክስቪድ የሚባለው አጨማመቅ ዘመን መጣ። ሙሉውን ሰርግ 700 ሜጋ አድርገን አንድ ሲዲ ላይ ስናስገባው እንደ ጀግና ነበር የምንታየው። ጥያቄያችን «ምን ይመስላል?» አልነበረም። «ይገባል ወይ?» ነበር። ከዚያ ዲቪዲ፣ 4.7 ጊጋ። አሁንም የምንጨምቀው እስኪገባ ነው። ከዚያ ፍላሽ መጣ። ብዙዎቹ ፍላሾች የሚመጡት ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ተዘጋጅተው ስለነበር ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበሉም። እኛም ሁሉን ነገር 3.9 ማድረግ ጀመርን። ዕቃው ተለዋወጠ፣ እኛ ግን ያው ነን። መጀመሪያ ዕቃውን እንለካለን፣ ከዚያ ሰርጉን እንቆርጥለታለን።

ኤች 264 የሚባለው አጨማመቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የጸደቀው። እኔ ጋ በደንብ የደረሰው ግን ብዙ ቆይቶ ሃንድብሬክ ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ነው። እዚያ ላይ መጠን ሳይሆን ጥራት መርጠህ መስጠት ትችላለህ። 20 ትለዋለህ፣ ለግድግዳው ትንሽ፣ ለእስክስታው ብዙ እያደረገ ራሱ ያከፋፍላል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል። ፋይሉ ስንት እንደሚሆን ቀድመህ አታውቅም። መጀመሪያ ይህ ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። መጠኑን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?

ከዚያ ኤች 265 መጣ። በግማሽ መጠን ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል ሲባል ሰማሁና አንድ የክረምት ወር ሙሉ የድሮ ፋይሎቼን በሱ ደግሜ ጨመቅኩ። ዲስኬ ላይ ቦታ ተገኘ፣ ደስ አለኝ። የተጨመቀ ሎሚ እንደገና መጭመቄ ነበር። አዲሱ መጭመቂያ ጡቡንም እንደ ምስል ቆጥሮ በታማኝነት ያስቀምጠዋል፣ የራሱን ጉድለትም ይጨምርበታል። የሄደው ትከሻ አይመለስም። ከዚያስ የድሮዎቹን አጠፋኋቸው። ለምን ይቀመጣሉ?

ይህን ሁሉ ለእናትየው አላብራራሁም። «ካሴቱ ቢኖር ነበር» ብቻ አልኩ።

«ካሴቱንማ ጣይው ብለኸኝ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ለሁሉም ደንበኛ እንዲያ ነበር የምለው። ቦታ ይይዛል፣ ከአሁን በኋላ አያስፈልግም። ጎረምሳ ስትሆን እንዲህ ያለውን ነገር በሙሉ ልብ ነው የምትናገረው።

«ልጥለው ስል እናቴ ከለከለችኝ» አሉ። «ውስጡ ሰው አለ፣ የሞቱም አሉበት፣ እንዴት ይጣላል ብላ ወሰደችው።»

በሦስተኛው ቀን ካሴቱ ከጉለሌ፣ ከእማማ ቡፌ ውስጥ ወጥቶ መጣ። በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል። በካሴቱ መስኮት በኩል ሳየው የፊልሙ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል። ሻጋታ ነው።

ዴክ ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ አሳጥረዋለሁ። የኛ ሁለቱም ሞተዋል። ድሮ ዶሮ ማነቂያ ሱቅ የነበራቸው አንድ ጠጋኝ ትዝ አሉኝ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ስልካቸውን ሳጠያይቅ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ዴክ ፈታተው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኼን እንዲሁ ላጫውተው ነበር» አልኳቸው።

«አብደሃል? የሻገተ ካሴት ደህና ዴክ ውስጥ ይገባል? ለሚቀጥለውም እኮ ያስተላልፋል።»

ካሴቱን ፈተው ፊልሙን በእጃቸው እያዞሩ ጠረጉት። የዴኩን ሄድ፣ ፊልሙን የሚያነበውን ክፍል፣ በስፕሪት አጸዱ፣ በወረቀት። ጥጥ ላቀብል ስል እጄን መታ አደረጉት። ጥጥ ክሩ ሄዱ ላይ ይያዝና ይሰብረዋል። ስምንት ዓመት ያህል ካሴት ስገለብጥ በጥጥ ነበር የማጸዳው፣ ዝም አልኩ።

በዚህኛው ጊዜ ሳልጨምቅ ገለበጥኩት። ማለቴ፣ ምንም በማይጥል አጨማመቅ። ሦስቱ ሰዓት 90 ጊጋ ገደማ ወጣው። ዛሬ 4 ቴራ ዲስክ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ከዚያ ግማሽ ምስሎቹን ሳልጥል እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ምስል ቀየርኩ፣ በሰከንድ 50 ሆነ። ከበሮው ተመታ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሙሽራዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቅ ስትይዝ እንኳ ይታያል። የጥለቱ ቀለም አሁንም ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይፈሳል። ይህ የካሴቱ የራሱ ጠባይ ነው፣ ከኔ አይደለም።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ሻጋታው ክፉኛ የበላው የካሴቱን መጀመሪያ ነው። የሙሽራው አባት ምርቃት ያለበት አሥራ አንድ ደቂቃ ተበጣጥሷል። ድምፁም ይቆራረጣል። ሦስቴ ሞከርን፣ እምቢ አለ። ጋሼ «በቃ፣ ተወው፣ ሌላውንም ታበላሸዋለህ» አሉ።

የሚያስቀው ነገር፣ ያ ምርቃት ሲዲው ላይ ደህና ነው። ሽማግሌ ነዋ፣ አይንቀሳቀስም። እኔ ያበላሸሁት ሲዲ! ከዚያ አወጣሁትና ቀጠልኩት። መጋጠሚያው ላይ ምስሉ ከደብዛዛ ወደ ጥርት ያለ ይሸጋገራል። እትዬ ሲያዩት ምንም አላሉም። አማታቸው ሲመርቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እስክስታው ላይ ሲደርስ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አየሽ? ዝም ብዬ ነው የማወራው እንዴ?»

ለሰርጉ ምሽት የተፈለገው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነበር። እሱን ቆርጬ በኤች 264 አዘጋጀሁ። የአዳራሹ ማጫወቻ ምን እንደሚያነብ አይታወቅማ። ዋናውን 90 ጊጋ በውጭ ሀርድ ዲስክ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ልጅቷ ዲስኩን አገላብጣ አየችው። «ይኼን ሁሉ ምን አደርገዋለሁ? ትንሽ አድርገህ በቴሌግራም አትልክልኝም?»

ላክሁላት። እናትየው በዚህ መሃል ዲስኩን ከእጇ ወስደው ካሴቱ ያለበት ፌስታል ውስጥ ከተቱት፣ ሲዲዎቹንም ጨመሩበት፣ አፉን ሁለቴ ቋጠሩት።

«ወደ እማማ ቡፌ ነው» አሉ።