ግራ ጫማዬ

ይኸው ሶስት ሳምንት አለፈው፣ አሁንም ጥርሴን እየቦረሽኩ ድንገት ትዝ ይለኝና "ኧረ ወይኔ!" ብዬ መስታወቱ ፊት ቆሜ እቀራለሁ። ሰውዬው ጫማዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከካዝናው ሲያወጣው... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጥፋቱ የእህቴ ነው። ታላቄ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ለእረፍት ልሄድ ነው ካልኳት ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። "አንተ፣ ይሄን አንብበው"፣ "ይሄን ቪዲዮ ሳታይ ንቅንቅ እንዳትል"፣ "ኋላ ተሰረቅኩ ብትል እኔን እንዳትደውልልኝ"። እኔ ጅል ደግሞ አነበብኩት። ሁሉንም።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጠቅሞኛል። ቤትና ሆቴል በሚያስይዝ አፕ ላይ አንድ ባህር ፊት ለፊት ያለ ቆንጆ ቤት አገኘሁ፣ የሳሎኑን ፎቶ ከዛው ወስጄ ጎግል ላይ ስፈልገው ያቺው ሳሎን ሶስት ከተማ ውስጥ ትከራያለች፣ ሶፋው ላይ ያለችው ቢጫ ትራስ ሳትቀር። "አከራዩ" ደግሞ አፑ ኮሚሽን ይቆርጥብናል፣ በቀጥታ ባንክ አስገባልኝና ልቀንስልህ፣ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ ዛሬውኑ ወስን እያለ ያጣድፈኛል። ከአፑ ውጪ ከከፈልክ አፑ አያውቅህም፣ በካርድ ከሆነ እንኳ ባንክህን ይመለስልኝ ብለህ መሟገት ትችላለህ፣ በባንክ ዝውውር የሄደ ብር ግን ሄደ ነው። ብሎክ! ያን ቀን በራሴ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ሆቴል ያዝኩ። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እዛው አፑ ውስጥ፣ ከራሱ ከሆቴሉ አካውንት፣ ስሜንና የምገባበትን ቀን ጠቅሶ "ካርድዎ ስላልተረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ካልተጫኑ ቦታዎ ይሰረዛል" የሚል መልእክት መጣ። ለካ የሆቴሎቹን አካውንት ራሱን ሰብረው ይገቡና በሱ ነው የሚጽፉልህ። ሊንኩን ሳልነካ ሆቴሉ ዌብሳይት ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ፣ አንድ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰውዬ አነሳና "እኛ አልላክንም ጌታዬ፣ እንኳንም ደወሉ" አለኝ። ይሄን ድምፅ ያዙልኝ።

ሻንጣን በተመለከተ ትንሽ ላማርር። ያ ኤርፖርት ላይ ፈታሾቹ በማስተር ቁልፍ የሚከፍቱት የሻንጣ ቁልፍ አለ አይደል፣ ስንት ዓመት ስቆልፍበት ኖርኩ። ለካ በፈረንጆቹ 2014 የማስተር ቁልፎቹ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ በ2015 ሰዎች ፎቶውን አይተው ቁልፉን ራሱን በስሪዲ ፕሪንተር ሰርተውታል። ዚፕ ከሆነማ ቁልፉም አያስፈልግም፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ሰንጥቀህ ትከፍትና መልሰህ ትዘጋዋለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቁልፉ ጠፋብኝ ብዬ የታመስኩት ለምን ነበር? በንዴት ሻንጣ የሚባል ነገር ትቼ በአንድ የጀርባ ቦርሳ ሄድኩ። ስለዚህ ጫማዬ አንድ ነው፣ የእግሬ ጫማ። ይሄንንም ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት ተኝቼ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ከሪሴፕሽን ነው፣ ካርድዎ..." ካርድ ሲል በቃ ደሜ ፈላ። ይሄንንማ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እህቴ ሁለቴ ልካልኛለች፣ በሌሊት ሪሴፕሽን ነን ብለው ይደውሉና ካርድዎ አልሰራም ቁጥሩን ያንብቡልኝ የሚሉት ሌቦች ናቸው። "አንተ ሌባ! በእንቅልፌ ልትዘርፈኝ ነው? ሰርተህ አትበላም?" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት፣ ገመዱንም ነቀልኩት። ለእህቴ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፣ ሊያነጋኝ ነበር ደስታው።

ጠዋት ስወርድ ሪሴፕሽን ላይ የቆመው ልጅ በሁለት እጁ ፖስታ ሰጠኝ። ካርዴ ናት። ማታ ስከፍል ማሽኑ ላይ ረስቻት ነው። "ሌሊት ደውለን ነበር" አለ፣ በዛ ለስላሳ ድምፁ። አዎ፣ እሱ ነው። ምክሩ ዝጋና አንተ ራስህ ወደ ሪሴፕሽን ደውል፣ ወይም ወርደህ ጠይቅ ነበር የሚለው፣ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የተገበርኩት፣ ስድቡን ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ።

አሁን ወደ ካዝናው።

ቁም ሳጥን ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽዬ የቁጥር ካዝና። ልደት እንዳታደርግ፣ 1234 እንዳታደርግ፣ የክፍልህን ቁጥር እንዳታደርግ ስለተባልኩ ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ፈጠርኩ። ማንም ስል እኔንም ይጨምራል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱን ደግሞ ሌባ የማይደርስበት ቦታ፣ ከጫማዬ ሶል ስር ወሸቅኩት። ግራው ይሁን ቀኙ ማን ልብ ይላል! ከዛ መጨረሻው ማታ ላይ እህቴ አዲስ ምክር ላከች፦ ፓስፖርትህን ካዝና ውስጥ ረስተህ እንዳትሄድ አንድ እግር ጫማህን አብረህ ቆልፍበት፣ ያለ ጫማ መቼም ከክፍል አትወጣም። ይቺን ሳነብ አጨበጨብኩ። ፓስፖርቴን አስገባሁ፣ አንድ ጫማዬን አስገባሁ፣ ዘጋሁ።

ግራና ቀኝ፣ ሁለት እግር ጫማ ነው ያለኝ። ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነበር።

ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ቀኝ ጫማዬን ገልብጬ እያራገፍኩ ነው። ሶሉን ገነጠልኩት። አሸተትኩት ሁሉ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምንም የለም። ከዛ ቀስ እያለ ገባኝ። የካዝናው ቁጥር ያለው ግራ ጫማዬ ውስጥ ነው። ግራ ጫማዬ ያለው ካዝናው ውስጥ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ስለ ሕይወቴ አሰብኩ። በግምት ሞከርኩ፣ ስሳሳት ስሳሳት ካዝናዋ ጭራሽ ጢጥ ጢጥ ብላ አኮረፈች፣ ጠብቅ ትላለች።

ምን አማራጭ አለ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ በሌላው የሆቴሉን ነጭ ስሊፐር አድርጌ ወረድኩ። ጫማ ቋ፣ ስሊፐር ሸርተት፣ ቋ፣ ሸርተት። ያ አዳራሽ ሲገባ ያን ያህል ሰፊ አልነበረም እኮ፣ ሌሊት የሆነ ሰው አስፍቶት ነው። ቁርስ የሚበሉት ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አንድ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ጠቆመኝ፣ እናቱ እጁን መለሰችው፣ እሷም ግን አየች። ሪሴፕሽን ላይ ማን አለ? ያው ልጅ።

"ካዝናው እምቢ አለኝ" አልኩት። እግሬን አየ። ምንም አላለም፣ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

አብሮኝ ወጣ፣ የጥበቃ ሰራተኛም ተከተለን፣ ካዝና ሲከፈት ሁለት ሰው መኖር አለበት አሉ። ልጁ ከኪሱ ስልክ የምታክል መሳሪያ አወጣ፣ ሰካ፣ ተከፈተ። አምስት ሰከንድ! ቆይ እስቲ፣ በአምስት ሰከንድ የምትከፈት ከሆነ እኔ ከማን ነው ስደብቅ የከረምኩት? ይሄን ልጠይቀው አፌን ስከፍት እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና በሁለት ጣቱ ጫማዬን ይዞ ወጣ። ቀና አድርጎ አየው። ጥበቃውም አየው። ፓስፖርት፣ ወርቅ፣ ዶላር የጠበቁ ሰዎች ዓይን ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ።

"ይሄ ነው ጌታዬ?" አለኝ።

"እ... አዎ።"

እና ሲያቀብለኝ ወረቀቷ ዱብ አለች። ጎንበስ ብሎ አነሳት። በትልቁ ነው የጻፍኩት፦ "የካዝና ቁጥር፣ ለማንም እንዳይታይ"። አነበባት፣ በክብር አጠፋት፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ፣ ልክ እንደዚያ ካርድ። ጥበቃው ወደ ኮሪደሩ ሮጦ ወጣ፣ ሲያስል ሰማሁት፣ ሳል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፓስፖርቴን መንጭቄ፣ የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ ሳላስር ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ቤቴ በሰላም ደረስኩ። ምንም አልተሰረቅኩም፣ እህቴ "አየህ!" አለችኝ።

በሶስተኛው ቀን አፑ ላይ መልእክት መጣ፣ ከሆቴሉ፦ "ውድ እንግዳችን፣ ካዝና ውስጥ ዕቃ ረስተዋል፣ እንዲላክልዎ ይህን ሊንክ ይጫኑ።" ሳቅኩ። ሌቦች! አሁንም? ልሰርዘው ስል ነው ሌላኛው ምክር ትዝ ያለኝ፣ ገንዘብህን አንድ ቦታ አታስቀምጥ የሚለው። ለክፉ ቀን ያልኳትን መጠባበቂያ ካርዴን ካዝናው ወለል ላይ ካለችው ጨርቅ ስር አንጥፌያት ነበር። ቦርሳዬን ገለበጥኩ፣ ኪሶቼን ሁሉ በረበርኩ፣ የለችም።

ሊንኩን አልጫንም፣ ያን ያህልማ አልሞኝም። ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከሪሴፕሽን ነው" አለ።

ያው ድምፅ። ዘጋሁት።