የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፊርማ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ አዘጋጁ ተባልን። እንደ ወጉ ቢሾፍቱ ወርደን ሆቴል ገባን። ግማሽ ቀን የበላችው ራዕያችን ላይ የምትገባ አንዲት ቃል ናት፤ «ተመራጭ» እንበል ወይስ «ቀዳሚ»? «ቀዳሚ» አሸነፈች። አበሉም ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

የማታ ተማሪዎች ለምን ያቋርጣሉ የሚለው ግን አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ምክንያቱን «የተነሳሽነት ማነስ» ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። ከየት አመጣኸው ያለኝ የለም።

ቁጥሮቹን ላጣራ ሬጅስትራር ሄድኩ። ኃላፊዋ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ገጹን አነበቡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ተነሳሽነት? ና እስቲ ልጄ» ብለው የአቴንዳንስ ክምር አወጡ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊርማ ጢም ብሏል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምረው ሁለተኛው ግን ነጭ ነው። አርባ ምናምን ስም፣ ዘጠኝ ፊርማ። ሌላ ወረቀት ገለጥኩ፤ ያው።

«ሳሪስና ቃሊቲ የሚገቡት ናቸው። ከ1 ተኩል በኋላ ታክሲ የት አለና! ኮንትራት ይያዙልህ?»

ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ 11፡30 ላይ ክፍል የሚገኝን ሰው ነው እንግዲህ ተነሳሽነት የለውም ያልኩት። አፈርኩ። ጊዜውም ክፉ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ላይ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የተመደቡት ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ነበሩ።

ሦስት አቴንዳንስ ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። «ዕቅድ ነው ወይስ የታክሲ ስምሪት?» ብለው ሳቁ። ማታ ግን ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ አመሹ። በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ቅዳሜ ዞረ።

ሁሉም አልወደደውም። ቅዳሜ ሌላ ቦታ የሚያስተምሩ ሁለት ጎበዝ መምህራን ጥለውን ሄዱ። አንዱን እስከ መጨረሻው መተካት አልቻልንም።

ሠንጠረዡ ላይ «የምሽት ታክሲ እጥረት» ብዬ አረምኩ። የዕቅዱ አማካሪ ደውሎ «ይሄ ለስትራቴጂክ ዕቅድ አይመጥንም» አለኝ። አልነካሁትም። «ቀዳሚ»ም እንዳለች ናት፤ ማንን እንደምንቀድም ግን ሥራውን እስክለቅ ድረስ አልሰማሁም።