የጋሼ ደብተሮች

ዛሬ የአጎቴን ካርቶን ስንከፍት ሜዳልያ ምናምን የሚወጣ መስሎኝ ነበር። የወጣው የኪስ ደብተር ነው፤ 31 ደብተር። ዕድሜውን ሙሉ ፖሊስ ነበር።

እያንዳንዱ መስመር በሰዓት ይጀምራል። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ አንድም የተቀደደ የለም። ሲሳሳት አልፋቀውም፤ በአንድ ስስ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ ፈርሟል፤ ስህተቱ ከስር ይነበባል። ልጅ ሆኜ «ጋሼ፣ ለምን አታጠፋውም?» ብዬው ነበር። «ፍርድ ቤት ቆሜ ምን ደብቀህ ነው ቢሉኝስ?» አለኝ።

አንድ ገጽ ላይ ቆየሁ። «9፡40። ለእናትየው የልጇን መሞት ነገርኩ። አለቀሰች።» የመጨረሻዋ ቃል ተሰርዛለች። ቀጥሎ፦ «አላለቀሰችም። ውሃ ሰጠችኝ።» ፊርማ።

ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ኩራት ይመስለን ነበር፤ እኔማ አኩርፌውም አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው በር እያንኳኳ መርዶ ሲያደርስ የዋለ ሰው፣ ማታ ገብቶ ምን እንዲያወራን ጠብቀን እንደነበር እንጃ።

ደብተሩን ልመልስ ስል ሚስቱ ያዘችኝ። «በተራው አስገባው፤ እሱ ሲዛባበት አይወድም» አለች።